ገመናን ስለ መሸፈን፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስላለው የአረጋውያን አጠባበቅ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ከመደብ መውረድ ሲሳናቸው ጎረቤት ስለ እነርሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይበላሉ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን አላቸው?» ብሎ ነው። የዚህም ጥያቄ ፍቺ እህል የሚያቀርብላቸው ማን ነው ማለት ብቻ አይደለም፤ እህልማ ከጎረቤትም ከማኅበርም ሊገኝ ይችላል። ዋናው ነገር የሚያነሣቸው፣ የሚያጥባቸው፣ ወደ ደጅ የሚያወጣቸው፣ ያየውንም አይቶ ዝም የሚል ማን ነው የሚለው ነው። በአጭሩ ገመናቸውን የሚሸፍን ማን ነው ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው ይህ ገመና የተባለው ነገር በእነዚህ ሦስት አገሮች እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የት ላይ እንደሚበጅና የት ላይ እንደሚጎዳ፣ እንዲሁም አረጋውያን ከዘመድ ቤት ወጥተው በመጦሪያ ቤት ሲኖሩ ከእርሱ የትኛው አብሯቸው መሄድ እንደሚገባው ነው። የሰውን የግል ሕይወትና ክብር መጠበቅ ከመጦሪያ ቤት ጋር ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ሥርዓት ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

አገሩ ደቡብ ጎንደር ውስጥ በምሥራቅ በኩል የሚገኝ ሲሆን፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ትከሻ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል። ከተሞቹም በላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ በስማዳ ወገዳ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ናቸው። ደጋው ብርድ ስለሆነ አረጋዊ ሰው ከምድጃ አይርቅም። ቤቱም በአብዛኛው አንድ ክፍል ያለው ጎጆ፣ ቢበዛ በግርግዳ የተከፈለ ጓዳ ያለው ነው። ሰውም፣ እሳትም፣ አንዳንድ ጊዜ ጥጃም በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። እንግዲህ የግል ሕይወት የሚጠበቀው በተዘጋ በርና በተለየ ክፍል ነው ካልን፣ በዚህ አገር የግል ሕይወት የለም ማለት ይሆናል። ከውጭ መጥተው የጻፉ አንዳንድ ሰዎችም እንዲሁ ብለው ደምድመዋል።

ነገር ግን ቋንቋው ራሱ ሌላ ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ «የግል ሕይወት» የሚለውን፣ ገበሬው «ገመና» ይለዋል፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የግል ሕይወት የአንድ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ይዘጋዋል፣ ራሱ ይከፍተዋል። ገመና ግን የቤት ነው፤ የሚሸፍነውም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። «ገመናዬን ሸፈነልኝ» ይባላል። ይህ ልዩነት ጤነኛና ጎልማሳ ለሆነ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ዐይኑ ለፈዘዘ፣ ልብሱን ራሱ መሰብሰብ ለማይችል ሽማግሌ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ እርሱ በሩን ሊዘጋ አይችልምና ክብሩ ያለው በሌላ ሰው እጅና በሌላ ሰው አፍ ላይ ነው። በዚህ ረገድ የገበሬው ቃል ከሕጉ ቃል ይልቅ የአረጋዊውን ኑሮ በቅርብ የሚያውቅ ይመስለናል።

ገመና የሚሸፈነው በግድግዳ ሳይሆን በሰው ምርጫ ነው። ሽማግሌ አባትን የሚያጥብ ወንድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው፤ አሮጊትን ሴት ልጇ ወይም እኅቷ ታጥባለች። ምራት ምግብ ትሠራለች፣ እሳት ታነዳለች፣ እግር ታጥባለች፤ ነገር ግን በአማትና በምራት መካከል መተፋፈር ስላለ የአማቷን ገላ እስከ መንካት የምትደርሰው ሌላ ሰው ሲጠፋ ነው። በሚታጠቡበት ጊዜ ልጆች «ከብት እዩ» ተብለው ይወጣሉ። የሚያጥበውም ሰው ጋቢውን ሙሉ በሙሉ አይገልጥም፤ አንዱን ወገን ሸፍኖ ሌላውን ያጥባል። ይህን ለማንም ያስተማረው የለም፤ ሰው ሲሞት ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት እንደሚገንዝ ሁሉ በኑሮ የሚገኝ ዕውቀት ነው። አረጋውያንም በዕድሜያቸው መጨረሻ አዘውትረው ከሚያስቧቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ማን ያጥበኛል፣ ማን ይገንዘኛል የሚለው።

የአነጋገሩም ሥርዓት እንዲሁ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ ተብሎ በግልጥ አይነገርም፤ «ወደ ደጅ መውጣት» ይባላል። ልብሱን ያበላሸ ሽማግሌ ሲኖር «ልብሳቸው ይለወጥ» ይባላል እንጂ ምክንያቱ አይነገርም። ጠያቂ ሲመጣም አስታማሚው ቀድሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ያስተካክላል፤ እንግዳው እስኪጠራ ድረስ ደጅ ላይ ሆኖ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ይጠይቃል። ሁሉም ለምን እንደሚቆይ ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም።

ስለ አመጋገብ ደግሞ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ጎልማሳ ሰውን በሌላ ሰው እጅ መመገብ በብዙ አገር እንደ ሕፃን ማድረግ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ የውጭ አገር የመጦሪያ ቤት ሠራተኞች ይህን እንዴት ሳያዋርዱ እንደሚፈጽሙት ብዙ ይማራሉ። በእኛ አገር ግን ጉርሻ አለ። ጉርሻ የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ስለሆነ፣ እጁ የማይታዘዝለት ሽማግሌ ከልጁ እጅ ሲጎርስ ከጎኑ የተቀመጠ እንግዳ ክብር እንጂ ድካም አያይም። ሽማግሌውም አንድ ጉርሻ መልሶ ለልጅ ልጁ ሊሰጥ ይሞክራል፤ ቢያፈስም ይቀበሉታል። ይህን የመሰለ መሸፈኛ በማንኪያና በሳህን አይገኝም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማን ነው? ስሙ «ጧሪ» ነው። በከተማ ጡረታ ሲባል ሰው የሚያስበው በ1955 ዓ.ም. የወጣውን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ ወይም በየወሩ የሚከፈለውን ገንዘብ ነው። ቃሉ ግን ከገጠር ተወስዶ ወደ መሥሪያ ቤት የገባ ነው። በገጠር ጡረታ ማለት በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ማሰሪያ ነው፤ ጧሪው እስከ ሞት ድረስ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያስታምማል፣ በመጨረሻም ይቀብራል፣ ተዝካር ያወጣል፤ ተጧሪው ደግሞ ያለውን ይተውለታል። «ጧሪ ቀባሪ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። በቀድሞው ዘመን የሚተወው ርስት ነበር። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉትን የመሬት ውሎች የመረመረው የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክራሚ እንዳሳየው፣ ርስትን ለሌላ ሰው የማስተላለፍ ጉዳይ በዚያ አገር ብዙ የተጻፈበትና ብዙ ምስክር የሚቆምለት ነገር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ርስት ቀረ። በአማራ ክልል ያለው የዛሬው ሕግ መሬትን መሸጥ ቢከለክልም የይዞታን መብት በኑዛዜና በስጦታ ማስተላለፍን ስለፈቀደ፣ ልማዱ በሌላ መልክ ቀጥሏል፤ ርስቱ የይዞታ ደብተር ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አረጋውያኑ ራሳቸው በደንብ የሚያውቁት አንድ ብልኀት አለ። ሽማግሌው ደብተሩን ለማን እንደሚተው እስካልተናገረ ድረስ ልጆቹ ሁሉ ይጠይቁታል፤ አንዱ ማር፣ አንዱ ቡሉኮ ይዞ ይመጣል። የተናገረ ዕለት ጠያቂው አንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎች ኑዛዜያቸውን ለነፍስ አባታቸው ነግረው ለሌላው «ሆድ ይፍጀው» ይላሉ። ይህን ተንኰል ነው የሚሉ ወጣቶች አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ሌላ ኃይል ሁሉ ከእጁ ለወጣ ሰው ምሥጢሩ የቀረችው ሀብት ናትና ልትከበርለት ይገባል።

ልጅም መሬትም የሌላቸው፣ ወይም ዓለምን የጠገቡ አረጋውያን ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን ይጠጋሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ቆብ ደፍታ እማሆይ ትባላለች፤ ሽማግሌውም መንኩሶ አባ ይባላል። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በትንሽ ጎጆ ይኖራሉ፤ ከዘመድም፣ ከደብሩም፣ ከሰንበቴም የሚመጣውን ይበላሉ። ቆቡ ራሱ አንድ ዓይነት ግድግዳ ነው። ድኻ የነበረች አሮጊት እማሆይ ከሆነች በኋላ ድኽነቷ የተቸገረች ሰው ድኽነት መሆኑ ይቀርና የመነነች ሰው ድኽነት ይሆናል፤ እህል የሚያመጣላትም ሰው መጽዋች ሳይሆን በረከት ፈላጊ ሆኖ ይመጣል። ማን ተቸግሮ ማን መንኖ እንደገባ ሕዝቡ አያውቅም ማለት አይደለም፤ አይጠይቅም እንጂ። በድጓ ምስክርነቷ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀችው የጋይንቷ ቤተልሔምም፣ እንደ ሌሎቹ የአብነት ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ተማሪ መምህሩን በእጁ የሚያገለግልባት ቦታ ናት። በዚህ ትምህርት ዐይኑ የጠፋ መምህር በተማሪ እየተመራ፣ ሌሊት እየተነሣ ያስተምራል፤ ተማሪው ውኃ ይቀዳለታል፣ እንጨት ይለቅምለታል፣ እግሩን ያጥበዋል፤ እርሱም ድጓውን በቃሉ ያርማል። ስለዚህ በመርዳትና በመረዳት መካከል ያለው ሚዛን ወደ አንድ ወገን አይወድቅም። ከአጠባበቅ ሥርዓቶች ሁሉ ይህኛው ፍጹም የሚመስለን ተጠባቂው እስከ መጨረሻው ሰጪ ስለሆነ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው መልካሙን ወገን ነው። ገመና ግን ሁለት ስለት አለው። የአሮጊቷን ገላ የሚሸፍነው ልማድ የአስታማሚዋንም ጥፋት ይሸፍናል። ልጁ የሚሰድባት፣ ምግብ የሚከለክላት፣ ቡሉኮዋን ሸጦ የሚጠጣባት እናት ለጎረቤት አትናገርም፤ የልጇ ገመና የእርሷ ገመና ነውና። ሽማግሌዎች ሲጠይቋት «ደኅና ይዞኛል» ትላለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ የወጡት የቤተሰብ ሕጎች፣ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግገዋል። ሆኖም ልጇን በፍርድ ቤት ከሳ ቀለብ የምትጠይቅ እናት በገጠር ስንት ትገኛለች? ክሱ ራሱ ገመናን በአደባባይ መግለጥ ስለሆነ፣ ብዙዎች ከዚያ ይልቅ ረኀቡን ይመርጣሉ። ስለዚህ ገመናን የሚያመሰግን ሰው ሁሉ ይህን አብሮ መናገር አለበት።

አሁን ደግሞ ልማዱን የሚሸከሙት ሰዎች እየቀነሱ ነው። ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዱ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ሌሎችም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሄደው እዚያው ይቀራሉ። አባትን የሚያጥበው ወንድ ልጅ የለም ማለት ነው። በእርሱ ምትክ ሁለት እንግዶች ወደ ቤቱ ገብተዋል። አንደኛዋ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ብዙ ጊዜ ወጣት ሴት ስትሆን፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ስለ ሽንቱ ብትጠይቀው «ምንም አላለኝ» ይላታል። ውሸታም ስለሆነ ሳይሆን የልጅ ልጁን የምታህል ሴት ስለጠየቀችው ነው። ብልኅ የሆነችው ባለሙያ ሚስቱን ወይም ወንድሙን ለብቻ ትጠይቃለች፤ ወይም ስለ ሌላ ሽማግሌ እያወራች የእርሱን እንዲነግራት ትጠብቃለች።

ሁለተኛው እንግዳ መዝገብ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን የመሳሰሉ በድርቅ የሚጠቁ ወረዳዎችን አቅፏል። መሥራት የሚችለው በሕዝብ ሥራ ተሳትፎ ይከፈለዋል፤ አረጋውያንና ጉልበት የሌላቸው ግን በቀጥታ ድጋፍ ያለ ሥራ ይረዳሉ። ተረጂዎቹን የሚመርጠው የአካባቢው ኮሚቴ ነው፤ አድልዎ እንዳይኖርም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት እንዲነበብና አስተያየት እንዲሰጥበት ታስቧል። ይህ ትክክል ነው፤ በጓሮ የተጻፈ ዝርዝር የኮሚቴውን ዘመድ እንጂ የተቸገረውን አይመግብም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ በሕዝብ ፊት «ጧሪ የሌለው» ተብሎ ስሙ ሲነበብ፣ ሦስት ልጆች ወልዶ ያሳደገ ሰው ልጆቹ እንደተዉት በአዋጅ ተነገረበት ማለት ነው። እህሉን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሰንበቴ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ንባቡን ማስቀረት አይመስለንም፤ የሚነበበው ስምና ድጋፍ ብቻ ሆኖ ምክንያቱ በኮሚቴው ዘንድ ቢቀር ግን አድልዎንም ይከላከላል፣ ገመናንም ይሸፍናል።

ጧሪ ጨርሶ የጠፋባቸው አንዳንዶች ደግሞ ወደ ከተማ ይሰደዳሉ፤ ከእነርሱም በመጦሪያ ቤት የሚያርፉ አሉ። በአዲስ አበባ ከእነዚህ ቤቶች በይበልጥ የታወቀው ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል ነው፤ በወላጆቹ ቤት ተጀምሮ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚኖሩበት ሆኗል። በእንዲህ ያለ ብዛት ውስጥ ገመናን የሚሸፍን ልጅም፣ ምራትም፣ ጎረቤትም ስለሌለ ሥርዓቱ በደንብ መጻፍ አለበት። በሌሎች አገሮች የሆነውም ይኸው ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 የወጣው የመጦሪያ ቤቶች ሕግ ነዋሪዎች በሕክምናቸው፣ በደብዳቤያቸው፣ በስልካቸውና ከጠያቂ ጋር በሚገናኙበት ጊዜ ብቻቸውን የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም በ1991 ባወጣው የአረጋውያን መርሖ፣ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ክብራቸው፣ እምነታቸው፣ ፍላጎታቸውና የግል ሕይወታቸው ሙሉ በሙሉ እንዲከበር ጠይቋል። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከስማዳ ለመጣች እማሆይ ዝርዝሩ ሌላ ነው።

ለእርሷ ስልክና ደብዳቤ አያሳስቧትም። የሚያሳስባት ቆቧን ለማጠብ ሲወስዱባት በወንድ ፊት ራሷን መገለጡ ነው። ተለዋጭ ቆብ ሳይሰጡ ያለውን መውሰድ ለሠራተኛው የልብስ ጉዳይ ነው፤ ለእርሷ ግን ዕርቃን መሆን ነው። ማዕተቧንም በንጽሕና ስም መበጠስ አይገባም። ጋቢዋም የእርሷ መሆን አለበት፤ ከታጠበው ክምር ማንኛውንም አንሥቶ መስጠት ይቀላል፤ ሰው ግን የሌላን ሰው ጠረን ለብሶ የራሱ አይሆንም።

ጾምም አለ። ረቡዕ ቀን ለጤናዋ ብለው በምግቧ ውስጥ ሳያሳውቋት ወተት የሚጨምሩባት ሰዎች መልካም ያደረጉ ይመስላቸዋል። ሕመምተኛን ከጾም የመፍታት ሥልጣን ግን የነፍስ አባት ነው፤ እርሱን አምጥቶ እንዲፈታት ማድረግ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሆኖም ሳትታለል ትበላለች። የነፍስ አባት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር ይነሣል። ዐሥር አልጋ በተደረደረበት ክፍል ሰው እንዴት ይናዘዛል? በገጠሩ ጎጆ ሁሉም ተነሥቶ ይወጣ ነበር፤ እዚህ ጎረቤቶቹም ከአልጋ የማይወርዱ ናቸው። ስለዚህ አልጋን በአልጋ ላይ ከመጨመር በፊት አንዲት ትንሽ ክፍል ባዶ መተው፣ አልጋውንም ወደዚያ የሚገፋ ጎማ ማበጀት ያስፈልጋል። መጋረጃ ዐይንን ይከለክላል እንጂ ጆሮን አይከለክልም።

ስለ ስምም እንዲሁ ነው። በመጦሪያ ቤት ሁሉንም «አባባ» እና «እማማ» ብሎ መጥራት የፍቅር አጠራር ነው። ሆኖም አርባ ዓመት መሪጌታ ሲባል የኖረ ሰው በአንድ ቀን አባባ ቢባል አንድ ነገር ተወስዶበታል። ሲገባ «በምን እንጥራዎ?» ብሎ መጠየቅና ለሠራተኞች ሁሉ መንገር ወጪ የለውም። «አንተ» እና «አንቺ» ማለት በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ የአእምሮ መድከም የያዘውንም ሰው ቢሆን።

ፎቶግራፍ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው። መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩት በሰው ልግስና ነው፤ ለጋሽም ካላየ አይሰጥም ይባላል። ስለዚህ ከመንገድ የተነሣ ሽማግሌ በቁስሉና በቅማሉ ሳለ ይነሣል፤ ከታጠበ በኋላም እንደገና ይነሣል፤ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ገንዘብ ያመጣል፤ እህልና መድኃኒት ይገዛል፤ ይህን አቅልለን አናየውም። ነገር ግን ያ ሽማግሌ ወደ ከተማ የመጣው ምናልባት በአገሩ ሰው ዘንድ እንዳይታይ ነበር። ዛሬ ሥዕሉ በአርብ ገበያ በወጣቱ ሁሉ ስልክ ላይ ይታያል። ፈቃዱ ተጠይቋል ቢባል እንኳ፣ ሊያበሉት ያነሡትን ሰዎች በዚያች ሰዓት እንዴት እምቢ ይላል? ፈቃድ የሚጠየቀው ከበላ፣ ከታጠበና ጥቂት ሳምንት ካደረ በኋላ ቢሆን፣ የሚታየውም የጸዳው ሥዕል ብቻ ቢሆን፣ ለጋሽ የሚቀር አይመስለንም። ቢቀርም ጀርባን፣ እጅን፣ ቤቱን ማሳየት ይቻላል።

በመጨረሻ የሚቀረው ስለ አቤቱታ ነው፤ ከላይ እንደተናገርነው ገመና በደልንም ይሸፍናልና። የመጦሪያ ቤት ነዋሪ በሚያጥበው ሰው ላይ አቤት እንዲል ሣጥን ሰቅሎ መጠበቅ፣ ማንበብ ለማይችሉና ለሚያፍሩ ሰዎች ምንም አይጠቅምም። በገጠር ሰው የማይነገረውን የሚነግረው ለነፍስ አባቱ፣ ወይም ለሩቅ አገር እንግዳ ነው። ስለዚህ ከቤቱ ደመወዝ የማይቀበል፣ ከቤቱ ኃላፊም ጋር የማይበላ አንድ ሰው፣ ለሴቶቹም አንዲት ሴት፣ በየሁለት ሳምንቱ ለጥየቃ እንደመጣ ዘመድ እየመጡ በየአልጋው ዳር ቢቀመጡ ይበጃል። መዝገብም እስክሪብቶም አይያዙ፤ ቡና ይዘው ይምጡ። «ማን በደለዎ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማንም አይመልስም። «ባለፈው የታጠቡት መቼ ነበር? ውኃው ይሞቅ ነበር? ማን አጠበዎ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰው ይመልሳል፤ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ የዘገየ እንደሆነ ያ ጠያቂ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው አልጋ ይጀምር።